ጠበቃውና ላሞቹ፦ የደብረ ብርሃን የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ከላምበረት እስከ ደብረ ብርሃን

የባለቤቴ አጎት በደብረ ብርሃን ከተማ ጠበቃ ናቸው፤ ከጥብቅናው ጎን ለጎንም የወተት ላሞች ያረባሉ። በቤተ ዘመድ መካከል ስማቸው በተነሣ ቁጥር "የተማረ ሰው፣ ያውም ዳኛ የነበረ ሰው፣ እንዴት እበት ሲዝቅ ይኖራል?" የሚል፣ ሐሜት የሚመስል ጥያቄ አይጠፋም። እኔ ደግሞ መልሱን ከራሳቸው አንደበት መስማትና ኑሯቸውን በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ ከዓመት ፈቃዴ ጥቂት ቀናት ቆንጥሬ ተነሣሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ "ጠበቃው" እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ስለነበረ አዲስ አበባ ገና ከማለዳው በጭስ ታፍናለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ወዲህ በዚህ ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ማቃጠል እስካሁን የቀረ ልማድ አይደለም። ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ዓይኔ እያለቀሰ ነበር። የሚኒባሱ ታሪፍ 65 ብር ነው ተባልሁ፤ ረዳቱ ለሻንጣዬ ሌላ 20 ብር ጠየቀኝና ተከራክረን በ10 ብር ተስማማን።

ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ መንገዱን የሞሉት የመኖ መኪኖች ናቸው። ከመስቀል በኋላ የታጨደው ሣር ደርቆና በሽቦ ተጠፍሮ፣ በአይሱዙ ላይ ከጋቢናው በላይ ተቆልሎ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱና ስንዴው እየታጨደ፣ አንዳንዱም አውድማ ላይ ወርዶ በሬዎች እየዞሩበት ነበር። ሸኖን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ፤ ተጠባባቂው ጎማም አየር አልነበረውም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ጭኖ ወደ ሸኖ ሲመለስ እኛ ሜዳው ላይ ነፋስ እየመታን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከመቀነታቸው የገብስ ቆሎ ፈትተው ለተሳፋሪው ሁሉ አዳረሱ፤ ብርዱን ግን ቆሎ የሚመልሰው አልነበረም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ወር ውርጭ እንደሚወርድባት ሰምቼ ብመጣም የለበስሁት የአዲስ አበባ ጃኬት ነበር።

ጠበቃው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአስፋልቱ ዳር ይጠብቁኝ ነበር። ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ ቢሆንም ሻንጣዬን ቀምተውኝ ወደ ግቢያቸው ይዘውኝ ገቡ። ዓርብ ስለሆነ እራቱ የጾም ነበር፤ ሽሮ፣ ስልጆና የገብስ እንጀራ። ባለቤታቸው እትዬ፣ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባና አልጋዬ ላይ ጣል አድርገው "ከዚህ ውጭ ሌሊቱ አያስተኛህም" አሉኝ፤ እንዳሉትም ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን። በረቱ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ጠበቃው የላስቲክ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ የአሮጌ ሱፍ ኮታቸውን እጅጌ ጠቅልለው ቆመዋል። ግቢው ውስጥ ያለው ሣር በውርጭ ነጭቶ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ በረቱ ውስጥ ግን የላሞቹ ትንፋሽ አየሩን አሙቆታል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሽንቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ በትንሹ ዘንበል ተደርጎ ተሠርቷል። በጠቅላላው 11 ከብት ሲኖር ከእነዚህ ውስጥ የሚታለቡት 5 ናቸው። የአንዳንዶቹ ስም ሳቅ አስመለጠኝ፦ ይግባኝ፣ ውክልና፣ መጥሪያ፣ ባልዲ በመርገጥ የታወቀችው ሰበር፣ እና ገና ያልወለደችው ቀጠሮ።

አለባውን የሚሠሩት ጠበቃውና አንድ ተቀጣሪ ወጣት ናቸው። ጠበቃው በመጀመሪያ ጡቱን በሞቀ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አደረቁ። ከዚያም ከአራቱም ጡት የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነች ኩባያ ላይ አልበው ወደ መብራቱ አስጠጉ፤ የረጋ ነገር ካለበት የጡት በሽታ ጀምሯል ማለት ስለሆነ የዚያች ላም ወተት ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ጣታቸውን ቫዝሊን ነካ ነካ አድርገው ሲጀምሩ ወተቱ የባዶውን ባልዲ ግርጌ እየመታ ይጮኽ ነበር፤ ባልዲው እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየወፈረ፣ አረፋውም ወደ ላይ እየወጣ መጣ። ይግባኝ ብቻዋን በጠዋቱ 9 ሊትር ያህል ሰጠች። ያደግሁበት አገር የሐበሻ ላም በቀን ሁለት ሊትር ከሰጠች የምትመሰገን ነበረች፤ ያውም ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የወተት ሰብሳቢው ፒክአፕ ደረሰ። ሰብሳቢው ላክቶሜትሩን ወተቱ ውስጥ ጥሎ የሚንሳፈፍበትን መስመር ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ውሃ የገባበት ወተት መሣሪያውን ወደ ታች ያሰምጠዋል። ቀጥሎ ትንሽ ወተት ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ አየ፤ ከቆረጠ፣ ማለትም ከረጋ፣ ተመላሽ ነው። አልቆረጠም። ሊትሩ በ16 ብር ተመዝግቦ ወደ ትልቁ ጋን ተገለበጠ። በቀን ሁለት ጊዜ ታልቦ የሚገኘው በጠቅላላ 60 ሊትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በላስቲክ ታሽጎ የምገዛው ግማሽ ሊትር ከዚህ ሒሳብ ጋር ሲተያይ ገበሬው እጅ የሚገባው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ሲቀልጥ ከበረቱ ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና ጠበቃው ታሪካቸውን አወጉኝ። የተወለዱት በአንጎለላ ገጠር ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥተው ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ዘመቱ። ከዘመቻው መልስ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀጥረው፣ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በዲፕሎማ ሲመረቁ በያኔው የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ በዳኝነት ተመደቡ። በ1984 ዓ.ም. ወንበሩን ለቀው የጥብቅና ፈቃድ አወጡ። በዚያ ጊዜ በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ አሁንም ቢሆን ብዙው የለውም።

የላሞቹ ነገር የተጀመረው እንዲሁ በክፍያ ነው። አንድ ገበሬ የርስት ክርክር አሸንፎ የጥብቅናውን ዋጋ መክፈል ቢያቅተው አንዲት ዳልቻ ጊደር እየጎተተ መጣ። "እምቢ ብለው ደሞ ይከፋዋል" አሉ ጠበቃው፤ ተቀበሏት። ጊደሯ ስትደርስ አዳቃዩን ጠርተው፣ ከቃሊቲው የከብት ማዳቀያ ማዕከል በመጣ የሆልስታይን ዘር አስደቀሏት። ሴት ወለደች። ልጅቱ ከእናቷ አምስት እጥፍ ታለበች፤ ጎረቤቱም "የፈረንጅ ላም" እያለ ሊያያት መጣ። ዛሬ በረቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የዚያች ጊደር ዘር ናቸው፤ በሌላ አነጋገር ሙሉው በረት ከአንድ ፋይል የተወለደ ነው።

"ለምን ሁለቱን ሥራ ያዙ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ለመመለስ ብዙም አላሰቡም። "የጥብቅና ገንዘብ ነገሩ ሲያልቅ ነው የሚመጣ፤ ነገር ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። የወተቱ ግን በየ15 ቀኑ ይከፈላል። ስለዚህ ባለጉዳይ ደጄ ሲመጣ አስቀድሜ የማየው ነገሩን ነው፤ ኪሱን አይደለም። የማያስረታ ነገር ይዞ የመጣውን 'ልጄ፣ ሂድና ታረቅ' ብዬ እመልሰዋለሁ። ወተቱ ባይኖር እኔም እንደሌላው ላም አለኝ በሰማይ እያልሁ አስከስሰው ነበር።"

ይህን እያወጉኝ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳና ሁለት ባለጉዳዮች ገቡ። አንዱ የቤት ሽያጭ ውል በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ጠበቃው እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ውሉን እዚያው የበረቱ ግድግዳ ሥር አነበቡት፤ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ፣ ገንዘቡ የተከፈለው በማን ፊት እንደሆነ ጠየቁ። በከተማው ውስጥ አንድ ክፍል ቢሮ አላቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰው ሁሉ በረቱን ነው የሚያውቀው። በጭቃና በእበት መካከል ቆሞ ስለ ውል ሕግ ሲወራ መስማት፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉት ፎቆች የጠበቃ ቢሮ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነው። ግማሽ ሰዓት ካዳመጥሁ በኋላ ግን እንግዳነቱ ጠፋብኝ፤ ባለጉዳዮቹ እንደ ልባቸው ይናገሩ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ መኖ ልንገዛ ወጣን። የፉርሽካ ኩንታል 750 ብር፣ ፋጉሎ ከ1,000 ብር በላይ ሆኖ ነበር። እንደ እድል ሆኖ ከተማዋ ውስጥ ዳሽንም ሐበሻም የቢራ ፋብሪካ ስላላቸው የገብሱ ተረፈ ምርት ለአርቢው ይደርሳል፤ ርጥብ ስለሆነ ግን ሳይሻግት ቶሎ መመገብ አለበት። በመመለሻችን በየደጁ ተጠፍጥፎ የደረቀውን ኩበት አየሁ። ይህ አገር ዛፍ የለውም ማለት ይቀላል፤ ከባሕር ዛፉ በቀር ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። እትዬ ከበረቱ የሚወጣውን ኩበት ለገበያ ያወጡታል፤ በእርሱ ገንዘብ ላይ ጠበቃው ምንም ሥልጣን እንደሌላቸው ሁለቱም እየሳቁ ነገሩኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን። አንጎለላ

የነቢያት ጾም ዋዜማ፣ የቅበላ ቀን ነው። ከቅዳሴ በኋላ የጠበቃውን የትውልድ ቀበሌ ለማየት ተነሣን። አሮጌዋ ቶዮታ ፒክአፕ ግን በውርጩ ደርቃ አልነሣ አለች። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ቁልቁለቱን ገፏት፤ በሦስተኛው ግፊያ ጥቁር ጭስ ተፍታ ነቃች። ልጆቹ ክፍያቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአንድ ጆግ ወተት ነው የተቀበሉት፤ ይህም የቆየ ስምምነት መሆኑን ተረዳሁ።

አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹን ከያዝን በኋላ መኪናዋ ከመሄድ መዝለል ይቀናት ጀመር። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ታጭዶ ያለቀው ማሳ ቢጫ፣ የወንዞቹ ዳርቻ ግን ገና አረንጓዴ ነበር። አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረች፣ ዳግማዊ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ምድር ናት። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስም በዚያው ዘመን ንጉሡን እዚህ መጥቶ አይቷል። ዛሬ ያንን ግርማ በዓይነ ሕሊና ካልሆነ በቀር ማየት አስቸጋሪ ነው፤ እኔም የታሪክ ቦታ ፍለጋ አልመጣሁምና ብዙ አልቆየንም። ጠበቃው ግን ኮረብታውን በዱላቸው እያመለከቱ "አያቶቻችን ለአቤቱታ እዚህ ድረስ በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ ዛሬም የእኔ ባለጉዳይ በእግሩ ነው የሚመጣ" አሉኝ።

የአጎታቸው ልጅ የሆነ ገበሬ የጠበቃውን ጊደሮች እዚያ ያረባላቸዋል። ጊደሯ ስትወልድ ላሚቱ ወደ ከተማ ትመለሳለች፤ የሚወለዱትን ጥጆች ተራ በተራ ይካፈላሉ። ውሉ በጽሑፍ ነው። ለቅርብ ዘመድ ውል መጻፉ ገርሞኝ ስጠይቅ "የምወደውን ሰው ልከሰው አልፈልግም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ" አሉ።

ከቤቱ ጀርባ አራት ትልልቅ የድርቆሽና የጭድ ክምሮች ቆመዋል፤ ሁለቱ በጥብቅና ዋጋ የመጡ ናቸው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሁለት አህያ ጭድ ጭና የመጣችው እኛ እዚያ እያለን ነበር። ጉዳይዋ ነገ በችሎት ስለሚታይ ለማስታወስም ጭምር ነው የመጣችው። የሴትየዋ ክርክር የሟች ባሏን መሬት ከያዘው ከባሏ ወንድም ጋር ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የእርሷም ስም ተጽፏል፤ ወንድምየው ግን "ደብተሩ ሲሠራ በስሕተት የገባ ስም ነው" ይላል። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል ስላልቻለች ክሱ የቀረበው በደሃ ደንብ ነው። ጭዱን ጠበቃው አስመዝነው በደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ። ለምን እንደሚጽፉ አልጠየቅሁም፤ ሴትየዋ ራሷ ግን "ይጻፉልኝ፤ ምጽዋት አልበላሁም" ስትል ሰማኋት።

ምሳው የቅበላ ምሳ ነበር፦ የበግ ጥብስ፣ አይብ በጎመን፣ በወይራ በታጠነ ቅል የተቀመጠ እርጎ፣ ወፍራም የገብስ ጠላ። ከተማ ውስጥ የምጠጣው እርጎ ይህ የጭስ ሽታ የለውም፤ ሁለተኛ ዋንጫ ሲቀርብልኝ አልተግደረደርሁም።

ምሳው ላይ የአጎታቸው ልጅ ጠበቃውን የሚያስቅ ታሪክ አነሣባቸው። ከዓመታት በፊት የጠበቃው ላም ገመዷን በጥሳ የጎረቤት ገብስ ውስጥ አደረች። ጎረቤቱ ጠበቃን መክሰስ ፈርቶ ዝም ሊል ነበር። ጠበቃው ግን ራሳቸው ሽማግሌ ሰብስበው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዘው ቀረቡ። ሕጉ ከወጣበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ይህንኑ በራሳቸው ላይ አነበቡና ሁለት ኩንታል ገብስ ከፈሉ። "ባለቤቱ የቤት እንስሳውን ለተጎጂው ለቅቆ ከኃላፊነት ሊድን እንደሚችልም ሕጉ ይፈቅዳል" ብለው ጨመሩልኝ፤ "ግን ይግባኝን የሚያህል ላም ለሁለት ኩንታል ገብስ ማን ይለቃል?"

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን። ችሎትና ጾም

አለባው ሳይቀር ተካሄደ፤ ጾሙን የሚያውቀው ሰው እንጂ ላም አይደለም። የደጋው የወተት አርቢ ትልቁ መከራ ይኸው ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀነሱ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ይህ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያቱና የፍልሰታው ሲደመሩ የዓመቱን ብዙ ክፍል ገበያው ወተት አይፈልግም። ላሚቱ ግን ካልታለበች ጡቷ ይታመማል። ሰብሳቢው የዚያን ዕለት ጠዋት ሲመጣ ሊትሩን በ12 ብር፣ ያውም ግማሹን ብቻ እንደሚወስድ ተናገረ። ጠበቃው አልተከራከሩም። ለገና ጾም የለመዱት ነገር ነው። የቀረውን ወተት እትዬ በእንስራ አስቀመጡት፤ ረግቶ ይናጣል።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጠበቃው ታጥበው፣ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። ቦቲ ጫማቸውን ቀይረዋል፤ ከቢሮው በር ጀርባም ሌላ ቦቲ ቆሞ አይቻለሁ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ራፖር ጸሐፊዎቹ ጃንጥላ ሥር ተደርድረዋል፤ አንዱ አሁንም በታይፕራይተር ይጽፋል። ግቢው ውስጥ ባለጉዳዩ ጋቢውን ለብሶ በፀሐዩ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ልደታ ሊፍት አለ፣ ሥራው ሁሉ ይሮጣል፣ ሰው ከሰው አይተዋወቅም፤ እዚህ ግን ተከራካሪዎቹ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስለ ምርቱ ይጠያየቃሉ። የሴትየዋ የባል ወንድም ጠበቃውን ሲያይ ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ ጠበቃውም የእርሱን ከብት ጤንነት ጠየቁ።

የእኛ መዝገብ ሲጠራ ወደ ችሎቱ ገባን። ጠበቃው በበረቱ ካየኋቸው ሰው ጋር አንድ አይመስሉም ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቃላቸው አጭርና የተመጠነ ነበር። ደብተሩ የተሰጠበትን ዓመት፣ ሴትየዋ በዚያ ጊዜ ከሟች ጋር በጋብቻ እንደነበረች፣ ስሟም በአስተዳደሩ መዝገብ እንደሚገኝ አስረዱና ተቀመጡ። ተከሳሹ ግን ሦስት ምስክሮች እንዳሉት፣ ሦስቱም አጨዳ ላይ ስለሆኑ መቅረብ እንዳልቻሉ ተናገረ። ዳኛዋ ጥቂት አስበው ለታኅሣሥ 20 ቀን ቀጠሮ ሰጡ። ሴትየዋ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ጠበቃው ግን "ኅዳር ነው፤ በአጨዳ ወቅት ምስክር አይገኝም፤ እኔም ብሆን ያን ሰው ከማሳው አላስነሣውም" አሏት። የከተማ ጠበቃ ቢሆን ይቃወም ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ሳስበው ደግሞ ያንን ቀጠሮ መቃወም ከሴትየዋ ጋር በአንድ መንደር የሚኖሩትን ምስክሮች ማስቀየም መሆኑን አየሁ።

በምሳ ሰዓት ቢሮው ውስጥ የሽንብራ ዱቄት ወጥ በልተን ስለ ሁለቱ የሥራ ካላንደር አወራን። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ይዘጋሉ፤ ያ ጊዜ ሣሩ የሚበዛበት፣ ከመስቀል በኋላም ድርቆሹ የሚታጨድበት ነው፤ ጠበቃው የዓመቱን መኖ የሚሰበስቡት ያኔ ነው። በጥቅምት ችሎቱ ሲከፈት በረቱ ተሞልቷል። ሁለቱ ሥራዎች የሚጋጩት በሁዳዴ ነው፤ ያኔ ወተቱ ገበያ ያጣል፣ መዝገቡ ይበዛል፣ የሚወልዱት ላሞችም ሌሊት ያስነሣሉ። አንድ ጊዜ ከማዋለድ በቀጥታ ወደ ችሎት ገብተው የኮታቸው ጀርባ ላይ እበት እንዳለ ዳኛው ነው የነገራቸው።

ማታ እትዬ ቀድሞ የረጋውን ወተት ሲንጡ አመሹ። እንስራው በጉልበታቸው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ድምፁ ከውሃ ወደ ወፍራም ነገር እየተለወጠ ሄደ። ቅቤው ሲወጣ፣ በጾሙ ምክንያት ራሳቸው መቅመስ ስለማይገባቸው ገና ጾም ያልጀመረች የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ጠርተው አቀመሷት። "ጥሩ ነው" አለች፤ ሌላ እንዲጨመርላትም ጠየቀች። አሬራው ለጥጆቹ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን። በሸኖ በኩል መመለሻ

ከጠበቃው ጋር ጠዋት ተሰነባበትን። የመኪናው ተሳፋሪ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ታሪፉ እንደ መጣሁበት ነው። ሸኖ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ሲበላ ወርጄ የቅቤ ሻጮቹን አየሁ። የሸኖ ለጋ ቅቤ አዲስ አበባ ስሙ ከፍ ያለ ነው፤ እዚህ በጾሙ ምክንያት ኪሎው 300 ብር ሲጠሩት በ270 ተስማማን። አንዲት ሻጭ ቅቤውን በጣቷ ጫፍ ከፍላ አስሸተተችኝ። ቀለሙ ቢጫ፣ ሽታው ንጹሕ፣ ሲጫኑት ውሃ የማይተፋ ከሆነ ለጋ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ እትዬ ናቸው። ሁለት ኪሎ ገዛሁ፤ ሙቀቱ ለገጣፎ ላይ ሲቀበለን ቅቤው በፌስታሉ ውስጥ መቅለጥ ጀመረና ከለገጣፎ እስከ ላምበረት በእጄ አንጠልጥዬው መጣሁ።

ጠበቃው በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ደውለውልኝ ነበር። ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ተሰብስበው ለሰብሳቢው የውል ረቂቅ አዘጋጅተዋል፤ በጾም ወራት የሊትሩ ዋጋ ከ14 ብር እንዳይወርድ፣ መጠኑም ከሁለት ሦስተኛው እንዳያንስ የሚል ነው። ሰብሳቢው ዋጋውን ተቀብሎ መጠኑን አልተቀበለም። ጠበቃው ለሁዳዴው በመጠኑ ላይ እንደገና ሊደራደሩ ነው፤ እስከዚያው ድረስ በ14 ብሩ ፈርመዋል። ቀጠሮ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ስሟን ምን እንዳሏት ስጠይቃቸው ታኅሣሥ 20 እስኪደርስ ድረስ ስም አልወጣላትም አሉኝ።